የደም እድር

ለዋርሳዬ፤ ተጂ

ደብዳቤ በሰላምታ ይጀመራል። እኔም ሦስት ጊዜ «እንደምን ሰነበትሽ» ብዬ ጀምሬ ሦስቱንም ቀደድኩት። ሰላምታውን ካስቀደምኩ እጄ እዚያው ላይ ይቆማል። ስለዚህ ዛሬ በደሌ ይቅደም፣ ሰላምታው ይከተል።

እህትሽ፣ ሚስቴ ዱርሲቱ የሞተች ቀን ዋሽቻለሁ። ደም ልትወስድልኝ የተቀመጠችው ነርስ «ጋሼ፣ የወፍ በሽታ ታመው ያውቃሉ?» አለችኝ። «አዎ፤ ከሦስት ዓመት በፊት ክፉኛ ታምሜ ነበር» አልኳት። ታምሜ አላውቅም። ዓይኔ አንድ ቀን እንኳ ቢጫ ሆኖ አያውቅም። ደሜ ኦ ነው፣ የእሷም ኦ ነበር። ክንዴ እንዲህ እንደ ዛሬው ደህና ነበር። ፈራሁ። ለዚህ ነገር ሌላ ቃል ስፈልግለት ስድስት ዓመት ፈጀሁ፤ ሌላ ቃል የለውም።

በይ አሁን እንደምን አለሽ? አካም ጅርታ? ልጅሽ አድጋ ይሆናል፤ ጨርቅ ነጋዴዋ ጀዋሂር አይታት «ቁመቷ የአክስቷ ነው» ብላኛለች። የእናታችን ጉልበት እንዴት ነው? በዚህ ብርድ ጠዋት ጠዋት እንዳይወጡ አድርጊ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ከፋብሪካው ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ቤተ ክርስቲያንና ቤት፣ ቤትና ቤተ ክርስቲያን ነው። ጣሪያው ያፈሳል፤ ደግሞ ይቆማል።

ይህን በስልክ ልነግርሽ አሰብኩና ተውኩት። ስልክ ላይ ታለቅሻለሽ፣ አንቺ ስታለቅሺ እኔ እዋሻለሁ፤ ራሴን አውቀዋለሁ። ወረቀቱን የምታደርስልሽ ጀዋሂር ናት፤ ለገበያ ጨርቋን ይዛ ተጂ ስትወርድ። አንድ ነገር እለምንሻለሁ፤ መጨረሻውን ገልጠሽ አታንብቢ። ነገሩ ባልሽ የነበረውን ዲሪርሳን ይመለከታል። መጨረሻውን አስቀድመሽ ካየሽ ትምሪኛለሽ። እኔ ደግሞ እንድትምሪኝ አይደለም የምጽፈው።

ያን ቀን አንቺም ነበርሽ፤ ግን ካርድ ክፍሉ ደጃፍ ወድቀሽ ስታለቅሺ ስለነበር ውስጥ የሆነውን አላየሽም። ሐምሌ ነበር። በአርባ ዓመቷ፣ ስንለምነው የኖርነው ፅንስ፣ ከማህፀኗ ውጭ ኖሮ ሆዷ ውስጥ ፈነዳ። ያደረስናት እዚሁ ሰበታ፣ ወደ እኛው ሐኪም ቤት ነው። አንቺ ታውቂዋለሽ፤ የመንግሥት አይደለም፣ የነጋዴም አይደለም። አባታችሁ ከግጦሽ መሬታቸው ቆርጠው ሰጡ፣ አገሩ ድንጋይ ተሸከመ፣ በጎ አድራጊዎቹ ደግሞ ሐኪምና መድኃኒት አመጡ። በሩ ላይ «ማን ነህ? ከየት ነህ?» የሚል የለም። ታመህ ከመጣህ ትገባለህ። አባታችሁ «ልጆቼ እዚህ ይድናሉ» እያሉ ያወሩ እንደነበር ታስታውሻለሽ። እሳቸው ይህን ሳያዩ መሞታቸው ደግ ሆነ።

ዶክተር ቢቂላ ሆዷን ከፈተ። ማቀዝቀዣው ውስጥ የነበረውን ደም ሰጧት፣ አለቀ። ከአዲስ አበባ ደም የጫነው መኪና ጎርፍ መንገዱን ሰብሮት ወንዝ ማዶ ቆሟል። እዚያው ካለ ሰው ይወሰድ ተባለ። አንቺ ክንድሽን ዘረጋሽ፤ «ያንቺ አይገጥማትም» አሉሽ። ዲሪርሳ ከእርሻው በጭቃ ቦቲው ሮጦ መጣ፤ እውነቱን ልናገር፣ ከእኔ ቀድሞ እጅጌውን የጠቀለለው እሱ ነው። ኦ ሆኖ ተገኘ። እኔም ኦ ነኝ። በመጋረጃ የተለየ ሁለት አልጋ ነበር፤ እሱን በአንዱ በኩል፣ እኔን በሌላው አስቀመጡን። እኔ መርፌውንና የሚንጠለጠለውን ባዶ ከረጢት አየሁ። ያ ሁሉ ከውስጤ ወጥቶ ሊሞላው ነው ብዬ አሰብኩ። ዲሪርሳ አለ፣ ጎረምሳ የሚያህል ጉልበት አለው፣ የእሱ ይበቃታል አልኩ። ከዚያ፣ ከላይ የጻፍኩልሽን ውሸት ዋሸሁ።

ግማሽ ሰዓት አልሞላም፤ ዲሪርሳ በልብስ ማጠቢያው በኩል ባለው በር ሲወጣ አየሁት። እጅጌው ወርዷል። ማንንም አያይም። «ዲሪርሳ!» ብዬ ጮህኩ፤ አልዞረም። ሲስተር ሩቲ፣ ያች የጠየቀችኝ ቀጭን ነርስ፣ ወጥታ «ሌላ ኦ የለም?» አለችና እኔን አየችኝ። ያን ጊዜም ጊዜ ነበረኝ። «ልጄ፣ ዋሽቼሻለሁ፤ ነይ ውሰጂ» ለማለት አንድ ትንፋሽ ይበቃል። አፈርኩ። ሚስቱ ስትሞት የዋሸ ባል ከመባል፣ ሚስቱ የሞተችበት ባል መባል ቀለለኝ። ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ አረፈች።

አንቺ መጥተሽ ደረቴን እየደበደብሽ «ዲሪርሳስ? አልሰጠም?» ስትይኝ፣ «ሸሸ» አልኩሽ። ይኸው ነው፤ አንድ ቃል። ከዚያ በኋላ እንኳ ላቆም እችል ነበር። አንቺ «ከዚያ ቀን ወዲህ ከአልጋችን ወጥቶ መደብ ላይ ይተኛል» ብለሽ ስታማክሪኝ፣ «ፈሪ ሰው ኅሊናው አያስተኛውም፤ ወይም ሌላ ይዟል» ያልኩሽም እኔ ነኝ። በተስካሯ ማግስት ልጅሽን አዝለሽ ተጂ ወረድሽ። ትዳርሽን ያፈረሰችው የእኔ አፍ ናት።

ከዚህ በኋላ የምጽፍልሽን ሰው መልካም ሥራ ይለዋል። እኔም ስድስት ዓመት ሙሉ እንዲያ ሲለው ዝም አልኩ።

በእኛ አገር ደሙ የፈሰሰበት ሰው ደም ይመልሳል። መሣሪያ የለኝም፤ ቢኖረኝም ሰው የመግደል ሆድ የለኝም፤ መርፌ የፈራ ሰው ጥይት ይተኩሳል? መበቀያ ሰበብ ፈለግሁ፤ እድር ሆኖ መጣልኝ። ከተስካሩ በኋላ ዶክተር ቢቂላ ዘንድ ሄጄ፣ «ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተክል እድር አለን፤ ሰው እንዳይሞት የሚጠራ እድር ለምን አይኖረንም?» አልኩት። ተነሥቶ አቀፈኝ፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ። እንዲህ ሆኖ የደም እድር ተቋቋመ። ከሰበታ፣ ከቡራዩ፣ ሐኪም ቤቱ ትንሽ ክሊኒክ ከከፈተበት ከሱሉልታም ሰው ገባ። ክርስቲያን አለ፣ እስላም አለ፣ ጴንጤ አለ። የደማቸው ዓይነት በደብተሬ ተጻፈ። ሐኪም ቤቱ ይደውልልኛል፣ እኔ ለተረኛው እደውላለሁ፣ ሰው ይመጣል። የደም ባንኩ መኪና እስኪደርስ ስንቱ በዚህ ተርፏል። የወላድ ባሎች መንገድ ላይ እጄን ስመው ያውቃሉ። ያን ሳስብ አንገቴን ነው የምደፋው።

የመተዳደሪያውን አንደኛ አንቀጽ የጻፍኩት በገዛ እጄ ነው፤ «ደም ያልሰጠ ቤት ደም አይጠራለትም።» ሰው ሁሉ ትክክል ነው አለ። ለሌላ ሰው የተጻፈ አልነበረም፤ ለአንድ ሰው ነው የጻፍኩት። ዶክተር ቢቂላ አነበበና መነጽሩን አወለቀ። «ጋሼ፣ በእናንተ እድር የፈለጋችሁትን ጻፉ። ይህ ሐኪም ቤት ግን የሰው ታሪክ አይጠይቅም፤ በሽታውን እንጂ። እኔ ስደውልልዎ ለማን ነው አይበሉኝ» አለኝ። እሺ አልኩ። አንቀጹን ግን አልሰረዝኩም።

ራሴስ? «እኔን ሐኪም ከልክሎኛል» እላለሁ። ጀዋሂር አንድ ቀን በስብሰባ መሐል፣ «የእኛ ሰብሳቢ የሰው ደም ይወዳሉ፤ የራሳቸውን ለምጽአት ቀን ያስቀምጣሉ» ብላ ቤቱን አሳቀችው። የሱሉልታዎቹ ሯጮች «እኛም ውድድር አለብን እያልን ስንሸሽ ከሳቸው ተምረን ነው!» አሉ። አብሬ ሳቅሁ። 

በዲሪርሳ ላይ ያደረስኩትን አንቺ ከሩቅ ሆነሽ ግማሹን አታውቂም። በየደረሰበት «ደም ከልካዩ» ብዬ ስም አወጣሁለት፤ ስሙ ያዘ። ባህር ዛፉን ቆርጦ ቢያወጣ የሚጭንለት ጠፋ። እናቱ ሲሞቱ ለቀብር የመጣሽ ጊዜ አይተሻል፤ ሄድኩ፣ ግን ቃሬዛውን አላነሣሁም። ሊያየኝ በሚችልበት ቦታ፣ እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ ቆምኩ። ሌሎቹ እኔን አይተው ወደ ኋላ አሉ። የገዛ እናቱን አስከሬን ከሁለት ጎረቤትና ከአንድ የማያውቀው መንገደኛ ጋር ተሸክሞ ገባ። ጠዋት ጠዋት ስጸልይም ስሙን እጠራ ነበር፤ ለምሕረት አይደለም። ቄሱ በኑዛዜ ቂም አለብህ ወይ ሲሉኝ «የለብኝም፤ ፍትሕ ነው የምለምነው» እላቸው ነበር። ይኸውልሽ፣ እንዲህ ያለ ጸሎት የማደርስ ሰው ነኝ።

አሁን ወደ ባለፈው ሐሙስ ልምጣ።

ረፋድ ላይ ሲስተር ሩቲ ደወለች። «ጋሼ፣ ኦ ቶሎ እንፈልጋለን፤ ደም እያስታወከ የመጣ ሰው አለ፤ ያለንን ሰጥተነዋል፤ የባንኩ እስኪመጣ ሁለት ሦስት ሰው ይጥሩልን» አለችኝ። የማልጠይቀውን ጠየቅሁ፤ «ለማን ነው?» «ቶሎ ይሁን ጋሼ» አለች። «ለማን ነው ልጄ?» «ለኦቦ ዲሪርሳ» አለች።

«እሺ» አልኳት። ስልኩን ኪሴ ከተትኩ። ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ወይራው ሥር ሄጄ ተቀመጥኩ።

ተጠንቅቄ እንድጽፍልሽ ፍቀጂልኝ፤ ይህን ማንም አያውቅም። ደብተሩ ጉልበቴ ላይ ነበር። ከገበያው ሁለት ሰው፣ ከቡራዩ አንድ አስተማሪ፣ ጥሪ ቢደርሳቸው በግማሽ ሰዓት የሚደርሱ ነበሩ። አልደወልኩም። ወፎቹን አዳመጥኩ። ከስድስት ዓመት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ትከሻዬ ቀለለኝ። «እግዚአብሔር ቀኑን አመጣው» አልኩ፤ የእግዚአብሔርን ስም ጨምሬ። ሲስተር ሩቲ እንደገና ደወለች፤ «መጡ ጋሼ?» «እየመጡ ነው፤ መንገድ ላይ ናቸው» አልኳት። ሦስተኛ ስትደውል ስልኩን ዘጋሁት።

ከዚያ ማየት አማረኝ። በቀል ዓይን ካላየው ለኔ ምን ይጠቅመኛል? ዱርሲቱን እያሰበ፣ የእኔን ፊት እያየ እንዲሄድ ፈለግሁ። ተነሥቼ ወደ ሐኪም ቤት ሄድኩ።

ሰባተኛው አልጋ ላይ ነው ያስተኙት። ያ ሰውዬ አልቋል። ሆዱ ተነፍቷል፣ እጁ ግን የእንጨት ያህል ቀጥኗል። ዓይኑን ገልጦ ሲያየኝ የዓይኑ ነጭ ሁሉ እንደ እርድ ቢጫ ነበር። አየኝና ከንፈሩን ሸሸት አደረገ፤ ሳቅ መሆኑ ነው። «መጣህ? ጡሩንባውን ይዘህ ነው ወይስ አካፋውን?» አለኝ።

 «ያን ቀን ለምን ሸሸህ? ዛሬ ንገረኝ» አልኩት።

«እኔ?» አለ። «እኔ አልሸሸሁም። ተባረርኩ።» እስትንፋሱን እየሰበሰበ በየመሐሉ እያረፈ ነገረኝ። ደሙን ወስደው መርምረውታል። ሲስተር ሩቲ በልብስ ማጠቢያው በኩል ወደ ጎን ጠርታ፣ «የእርስዎ ደም ለሰው አይሆንም፤ የጉበት ቫይረስ ተገኝቶበታል፤ በኋላ ተመልሰው ይምጡና እንነጋገራለን» ብላዋለች። «'ለሰው አይሆንም' አለችኝ። ሰምተህ ታውቃለህ እንዲህ ያለ ነገር? ገና ጭቃዬን ሳልጠርግ። ሚስቴ ውጭ ለእህቷ ታለቅሳለች፣ እኔ ለሰው የማልሆን ሆኜ ቆሜያለሁ» አለኝ።

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም?» አልኩት። እጁን አወዛወዘ። «ለማን? ጉበት ብል ማን ያምነኛል? ሁሉም ያንኛውን በሽታ ነው የሚያስበው። ሚስቴ 'ፈሪ' ብላ ትሂድ እንጂ 'በሽተኛ፣ አስይዞኝ ይሆን' እያለች ስትንቀጠቀጥ አልይ አልኩ። ከአልጋዋ ወጣሁ፤ ከዚያ አንተ የቀረውን ጨረስክልኝ፤ እግዜር ይስጥህ» አለኝ።

ያን ጊዜ ምን የተሰማኝ ይመስልሻል? ሐዘኔታ? አይደለም። ተናደድኩ። ንጹሕ መሆኑ አናደደኝ። ስድስት ዓመት የመገብኩት ቂም ቤት የሌለው ሆኖ ቆመ፤ የማሳድርበት ሰው አጣሁ። «ብትናገር ኖሮ እኔ በንጹሕ ሰው ላይ ስረግም አልኖርም ነበር! ኃጢአተኛ ያደረግኸኝ አንተ ነህ!» አልኩት። እግዚአብሔር ያሳይሽ፤ ሊሞት የተኛን ሰው እንዲህ እላለሁ።

እሱ ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ ዓይኑን ሳይገልጥ፣ «የወፍ በሽታ፣ ከሦስት ዓመት በፊት» አለ፤ የእኔን ድምፅ አስመስሎ። «ክፉኛ ታምሜ ነበር» አለ።

አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ።

«መጋረጃ ነው እኮ በመካከላችን የነበረው፤ ግንብ አይደለም» አለኝ። «ሰማሁህ። አንተ ያልያዘህን በሽታ ትቆጥራለህ፤ እኔ የያዘኝን ገና አላውቅም። ሲያባርሩኝ ወደ አንተ ልመለስ ነበር፤ አንገትህን ይዤ 'ተነሥ፣ አንተ ነህ የቀረኸው' ልልህ። አልተመለስኩም፤ የራሴ ጉድ አጨለመብኝ። የምጠየቅበት እሱ ነው። የቀረው ያንተ ነው።»

«ለዋርሳዬ ለምን አልነገርካትም?» አልኩት፤ አንቺን ማለቴ ነው። «እህቷንም አጣች፣ እኔንም አጣች። አንተን ልቀማት?» አለኝ።

ዋርሳዬ፣ ይህን ሰው ስድስት ዓመት በእጄ ጨብጬ ያሠቃየሁት መስሎኝ ነበር። ለካ እሱ ነው እኔን በእጁ ይዞኝ የኖረው። በስብሰባ ስቆም ያውቃል፤ ስመሰገን ያውቃል፤ በእናቱ ቀብር እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ ስቆም፣ ቃሬዛውን ተሸክሞ ባጠገቤ ሲያልፍ፣ እያወቀኝ ነው ያለፈው። ምነው በሰደበኝ! ምነው በአደባባይ ባዋረደኝ! ዝም ብሎ ተበቀለኝ፤ ከዚህ የከፋ በቀል አላየሁም።

«ሰዎቹን እጠራለሁ» አልኩና ተነሣሁ። «አትጥራ» አለኝ። «ስልክህን እንደዘጋህ አውቃለሁ፤ ሩቲ 'መንገድ ላይ ናቸው' ስትለኝ ገብቶኛል። እኔም ብሆን እዘጋለሁ። በል፣ እንደ ጀመርክ ጨርስ። ስድስት ዓመት ያንተን ተሸክሜልሃለሁ፤ አሁን ሞቴን ላንተ ትቼልሃለሁ፣ አንተ ተሸከመው።» እኔ ደግሞ አፌ አምልጦኝ፣ «የራሴን እሰጥሃለሁ» አልኩት። ያን ጊዜ ብቻ ነው ዓይኑን ሙሉ በሙሉ የገለጠው። «ዺጋ ኬ ሂን በርባዱ» አለኝ። ደምህን አልፈልግም። በአማርኛም ደገመልኝ፣ እንዳይሳሳተኝ፤ «የአንተ በእኔ ሥር አይሄድም።» ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

እንዲህ አድርጎ ሊያሸንፈኝ ነው። ይሞታል፣ ንጹሕ ሆኖ ይቀበራል፣ እኔ ቃሬዛውን ተሸክሜ «ደጉ ዲሪርሳ» እያልኩ ደረቴን እመታለሁ፤ እኔና እግዚአብሔር ብቻ እያወቅን። አይሆንም አልኩ። ጎንበስ ብዬ በጆሮው፣ በገዛ ቋንቋው፣ «ሂን ዱቱ» አልኩት። አትሞትም። ሰው ለሰው ይህን ቃል የሚለው ሲያጽናና ነው። እኔ ስዝትበት ነው ያልኩት።

ኮሪደሩ ላይ ስልኬን ከፍቼ ደወልኩ። የቡራዩው አስተማሪ ክፍሉን ለሞኒተሩ ትቶ ተነሣ። ከሱሉልታ አንዱ ሯጭ «ጋሼ፣ ለማን ነው?» ሲለኝ፣ «ምን አገባህ! ለሰው ነው!» ብዬ ጮህኩበት። ከገበያው ሁለቱም መጣን አሉ። ጀዋሂር ባለፈው ወር ስለ ሰጠች አትችልም፤ «ሰውን በሞተሬ አመላልሳለሁ» ብላ ሱቋን ዘግታ ወጣች። «አንቀጹስ ጋሽዬ? ደም ያልሰጠ ቤት ምናምን?» አለችኝ፤ ነገረኛ ናት፣ ታውቂያታለሽ። «አንቀጹን የጻፈው ውሻ ነው» አልኳት። በድንጋጤ ሳቀች።

የቀረውን ከመጻፌ በፊት የሰውየውን ጤና ልንገርሽ፤ እዚህ ድረስ አስጠብቄሻለሁ። ዛሬ ሰባተኛ ቀኑ ነው። መድማቱ ቆሟል፤ ዶክተር ቢቂላ በአፉ ቱቦ አስገብቶ የተቀደደውን ሥር አሰረለት። ጉበቱ ግን ተጎድቷል፤ ዕድሜ ልኩን መድኃኒት ይወስዳል፣ ከዚህ ሐኪም ቤት በር አይርቅም። ትናንት ጀዋሂር ሾርባ አምጥታለት «ጨው የለውም» ብሎ ሲጨቃጨቃት ሰማሁ። እሷም «ለአንተ ጨው የከለከለህ ሐኪም ነው፤ ከሱ ጋር ተጣላ!» አለችው። ሲስተር ሩቲ ደግሞ አንቺም ልጅሽም መጥታችሁ እንድትመረመሩ ብላለች። ያልያዘው ሰው ክትባት አለው፤ የያዘውም ቶሎ ከታወቀ ይታከማል። አትፍሪ። ፍርሃት ምን እንደሚያደርግ ከእኔ በላይ የሚነግርሽ የለም።

እንግዲህ ያን ቀን። ስልኩን ከጨረስኩ በኋላ ሲስተር ሩቲ ዘንድ ገባሁ። የጠራኋቸው ሰዎች እስኪደርሱ አንድ ሰው ከረጢት መሙላት አለበት። ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ቅጹን አወጣች። የማትጠይቀኝ መስሎኝ የነበረውን ጥያቄ ጠየቀችኝ። «ታምሜ አላውቅም፤ ያን ጊዜም አልታመምኩም» አልኳት። እስክሪብቶዋ ቆመ። ቀና ብላ አላየችኝም። ጣቴን ወግታ መረመረች፣ ጠብቀን ውጤቱን አየች፣ «ደህና ነዎት፤ ይሆናል» አለች። በሃምሳ ሰባት ዓመቴ።

ዲሪርሳ «የእሱን አልፈልግም» ማለቱን አልነገርኳትም። ይህንንም ከበደሌ ጋር ቁጠሪው። ከረጢቱ ላይ ስም አይጻፍም፣ ቁጥር ነው፤ እሱ እስከ ዛሬ የማን እንደሆነ አያውቅም። ይወቅ፣ አይወቅ፣ በእጅሽ ነው። ብትነግሪው ይናደዳል። ቢናደድ ደስ ይለኛል፤ ይህንም አልደብቅሽም። ሐኪም ቤቱ የሚያድነው ሁሉንም ነው፤ ለምን እንደምትሰጥ አይጠይቅም። እኔ የሰጠሁት ለመልካም ብዬ አይደለም። እንዲኖር ነው የፈለግሁት። ኖሮ፣ አንቺ ይህን አንብበሽ፣ እሱም ፊቴን እያየ፣ ሦስታችን አንድ ቤት ውስጥ እንድንቆም ነው።

እግዚአብሔር እናታችንን በዕድሜ ያቆይልን። ልጅሽን ከክፉ ይጠብቅልሽ። ለአንቺ ደግሞ በእኔ ላይ የምትፈርጂበትን ልብ ይስጥሽ፤ ምሕረቱ እሱ ዘንድ አለ፣ ከአንቺ ፍርዱን ነው የምፈልገው። ከተጂ የመጀመሪያው መኪና በጠዋት ይነሣል። አልጋው ሰባተኛው ነው፣ በመስኮቱ በኩል።

ያን ቀን ሲስተር ሩቲ ክንዴን በላስቲክ አሰረችና ቅጹ ላይ የቀረውን አንድ መስመር ጠየቀችኝ፤ ለታማሚው ምኑ ነዎት አለችኝ። «ደመኛው ነኝ» አልኳት። ትንሽ አየችኝና «ዘመድ» ብላ ጻፈች። እኔም ፊቴን ሳላዞር፣ መርፌውን እያየሁ፣ ክንዴን ሰጠኋት።

ዋርሳሽ
ሰበታ